ዊንዶውስ 10ን ከነፕሮግራሞቹ ከ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ወደ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ ማዛወር (ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም አለበት)

ሂሳብ ክፍል፦

ሰላም ቤቶች። የቢሮ ላፕቶፕ ነው፤ ኤችፒ፣ ኮር አይ 5፣ 5ኛ ትውልድ፣ ራም 8 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10። ውስጡ ያለው ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ በጣም ተንቀራፏል። ታስክ ማናጀር ላይ ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተተክሎ አይወርድም፤ ፒችትሪ እስኪከፈት ደግሞ ትዕግስት ይጠይቃል። መለወጫ የሚሆን 480 ጊጋ ኤስኤስዲ (2.5 ኢንች፣ ሳታ) ከዩኤስቢ ማገናኛ ኬብል ጋር ተገዝቷል።

ችግሬ ፒችትሪውና ፓወር ግዕዙ (የአማርኛ መጻፊያው) ናቸው። የተጫኑበት ሲዲም የመመዝገቢያ ቁጥሩም ቢሮ ውስጥ የለም፤ የጫነው ሰው ለቋል። ስለዚህ ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ መጫን አይሆንልኝም። ያለው እንዳለ እንዲዛወርልኝ ነው የምፈልገው።

የዲስኩ አከፋፈል፦ ሲስተም ሪዘርቭድ 500 ሜጋ፣ ሲ 200 ጊጋ (የተያዘው 118)፣ ዲ 731 ጊጋ (የተያዘው 190)። የፒችትሪው የድርጅት ፋይል ዲ ላይ ነው። በድምሩ የተያዘው 308 ጊጋ ብቻ ሆኖ ሳለ ዲስኩን እንዳለ የሚገለብጠው የክሎን ፕሮግራም «መድረሻው ዲስክ ያንሳል» ብሎ እምቢ አለኝ። ለምን? ደግሞስ ዲስኩ ሲቀየር የዊንዶውሱ አክቲቬሽን ይጠፋል?

ሶኬት፦

ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፤ አክቲቬሽኑ አይጠፋም። የዊንዶውስ 10 ዲጂታል ፈቃድ በዋናነት የሚታሰረው ከማዘርቦርዱ ጋር ነው፤ ዲስክ ወይም ራም መቀየር አይነካውም።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አዲስ መጫኑ ይሻላል። የዓመታት ቆሻሻው፣ በግማሽ የተነቀለው አንቲቫይረስ፣ ካለም ቫይረሱ ራሱ፣ ሁሉም አብሮ ነው የሚዛወረው። ኤስኤስዲ ማሽኑን ያፈጥነዋል እንጂ የተበላሸ ዊንዶውስ አያድንም። ለመጫኛ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ 5ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ደግሞ ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ውስጥ የለም፣ ኢንቴል ከሆነ የሚጀምረው ከ8ኛ ትውልድ ነው። ማሽኑ ኢንተርኔት ላይ የሚውል ከሆነ ይህን ለአለቆችሽ ንገሪ።

ባዶ ሴክተር፦

ሶኬት ያለው ለቤት ኮምፒውተር ልክ ነው። መጫኛውም ቁጥሩም የጠፋ ፒችትሪ ላለበት ማሽን ግን መንገዱ ክሎን ነው። አዲስ መጫን ሁልጊዜ በኋላም ይደረሳል፤ አሮጌው ዲስክ ከሞተ በኋላ ግን ክሎን የለም።

ለምን እምቢ እንዳለሽ፦ ብዙ የክሎን ፕሮግራሞች የሚያዩት የተያዘውን ቦታ ሳይሆን የመጨረሻው ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍልፋይ) የት ላይ እንደሚያልቅ ነው። የአንቺ ዲ የሚያልቀው 931 ጊጋ ላይ ነው። 480 ተብሎ የተገዛው ኤስኤስዲ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ 447 ሆኖ ነው የሚታየው፤ ፋብሪካው በ1000 ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው እንጂ ማንም አላጭበረበራችሁም።

ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ዲን ማሳነስ ነው። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ዲ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ሽሪንክ ቮልዩም፣ የሚቀነሰውን በሜጋባይት ይጠይቅሻል። ዲ 240 ጊጋ ላይ እንዲቀር 491 ጊጋ መቀነስ አለበት፤ የሚጻፈው 502784 ነው (491 ሲባዛ በ1024)። ያኔ ድምሩ 440.5 ጊጋ ይሆንና 447 ውስጥ ይገባል። ክሎንዚላ የሚባለውን ከፍላሽ የሚነሳ ነፃ የክሎን ፕሮግራም የምትጠቀሚ ከሆነ እንዲህ ካሳነስሽም በኋላ የዲስክ መጠን ማመሳከሩን እንዲተው «አይሲዲኤስ» የሚለውን አማራጭ በኤክስፐርት ሞድ ምረጪ፤ አለዚያ አሁንም እምቢ ይላል።

ሁለተኛው መውጫ ዲን ጭራሽ አለማዛወር ነው። ዲ ዊንዶውስ የለበትም፣ ተራ ፋይል ነው። ሲስተም ሪዘርቭድንና ሲን ብቻ ክሎን አድርጊ፤ ኤስኤስዲው ላይ በሚተርፈው 246 ጊጋ አዲስ ዲ ፍጠሪ፤ ፋይሎቹን ኮፒ አድርጊ። ለእኔ ይህኛው ይሻላል።

ከሁለቱም በፊት ግን የአሮጌውን ዲስክ ጤና እዪ፣ ምክንያቱም ማሳነስ ማለት ፋይሎችን ከዲስኩ ጫፍ ወደ መሀል መጎተት ነው፤ በሚሞት ዲስክ ላይ አይደረግም። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቺና 05፣ ሲ5 እና ሲ6 ከሚሉት መስመሮች በቀኝ ጥግ ያለውን ቁጥር እዚህ ጻፊልን። በዚያው ስታርት ላይ ኤምኤስኢንፎ32 ብለሽ «ባዮስ ሞድ» የሚለው ሌጋሲ (የድሮው የማስነሻ ዘዴ) ይሁን ዩኢኤፍአይ (አዲሱ) ተመልከቺ።

ሂሳብ ክፍል፦

እግዜር ይስጥልኝ። ባዮስ ሞድ ሌጋሲ ይላል። ክሪስታሉ ቢጫ ነው፣ ኮሽን ይላል። 05 ሁሉም ዜሮ፣ ሲ5 ላይ 000000000018፣ ሲ6 ላይም 000000000018።

ባዶ ሴክተር፦

እንግዲያው ማሳነሱ ቀረ።

ክሪስታል ቅንብሩ ካልተቀየረ እነዚህን ቁጥሮች የሚያሳየው በሄክስ (በ16 እየቆጠረ) ነው፤ 18 የሚለው በእኛ አቆጣጠር 24 ነው። ሲ5 ማለት ዲስኩ ለማንበብ ሞክሮ ያልቻላቸውና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ናቸው። 24 ብዙ አይደለም፤ ግን ዊንዶውሱ የተንቀራፈፈበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ አንድ መጥፎ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲሞክር ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ በ«/አር» እንዳታስኬጂ፤ መላውን ዲስክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚያነብ የደከመውን ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ማውጣት፣ ከዚያ መጠገን።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አታዘዋውሪው።

ፒችትሪን ክፈቺና ከፋይል ሜኑ ባክአፕ አድርጊ። የሚወጣውን ባለ ፒቲቢ ፋይል ፍላሽ ላይ አኑሪና ፍላሹን ንቀይ። ከዚያ የድርጅቱን ፎልደር ራሱንም ሙሉውን ሌላ ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጊ፤ ባክአፑ መጥፎ ሴክተር ላይ ከተጻፈ መረጃ ተሠርቶ ሊሆን ስለሚችል አንዱ ብቻ አይበቃም። በኔትወርክ ከሌላ ማሽን የሚገባ ሰው ካለ ይውጣ። ፒችትሪ ከጀርባው ፐርቬሲቭ የሚባል ዳታቤዝ አለው፤ ፕሮግራሙ ቢዘጋም ሰርቪሱ ፋይሎቹን ይዞ ይቆያል። ሰርቪስስ ውስጥ ገብተሽ አቁሚው።

ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈቺ (ትእዛዞቹን እኔ በድምፃቸው ነው የማስቀምጣቸው፣ አንቺ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፊያቸዋለሽ)። «ፓወርሲኤፍጂ /ኤች ኦፍ» ብትይ ሃይበርኔሽንና ፋስት ስታርትአፕ አብረው ይጠፋሉ፤ ከሲ ላይም 3 ጊጋ ያህል ይለቀቃል። ፋስት ስታርትአፕ ካልጠፋ ዊንዶውስ ሲዘጋ በትክክል አይዘጋም፤ ፓርቲሽኑ «ገና በሥራ ላይ ነው» ተብሎ ስለሚታይ ክሎንዚላን የመሰሉ ከውጭ የሚነሱ ፕሮግራሞች አይነኩትም።

አሁን «ዲስክፓርት»፣ «ሰሌክት ዲስክ 0»፣ «ዩኒክአይዲ ዲስክ»። ስምንት ፊደልና ቁጥር ይወጣል፤ ወረቀት ላይ ጻፊው። የሌጋሲ ዲስክ መታወቂያ ነው። ለምን እንደሚጠቅም ወደ ታች ትደርሺበታለሽ።

ኤስኤስዲውን በኬብሉ ሰማያዊ ምላስ ባለው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ሰኪ። ዊንዶውስ «ኢኒሺያላይዝ ላድርግ?» ካለሽ ካንስል፤ ክሎኑ ራሱ ይጽፍበታል። ፓርቲሽን በመርጫ ምልክት መተው የሚፈቅድ ፕሮግራም ያስፈልግሻል። ማክሪየም ሪፍሌክት ይህን ይችላል፤ ነፃ እትሙ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ድጋፍ የለውም፣ የ30 ቀን የሙከራው እትም ግን ለአንድ ሥራ ይበቃል። ከዲ ላይ ምልክቱን አንሺ፣ ሲስተም ሪዘርቭድና ሲ ይቅሩ። በአድቫንስድ አማራጮች ውስጥ በንባብ ጊዜ መጥፎ ሴክተሮችን እንዲዘል የሚያዘውን አብሪ፤ አለዚያ የመጀመሪያዋ መጥፎ ሴክተር ላይ ሲደርስ በንባብ ስህተት ይቆማል። ክሎንዚላ ላይ ተመሳሳዩ «ሬስኪው» ይባላል።

ከመጫንሽ በፊት ምንጩና መድረሻው የቱ እንደሆኑ ሁለት ጊዜ እዪ። በመጠን ለዪ፦ 931 ምንጭ፣ 447 መድረሻ። ክሎን ላይ ሰው መረጃውን የሚያጠፋው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው፤ ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ መገልበጥ።

ጊዜው፦ 118 ጊጋ በእንዲህ ዓይነት ዲስክ በሴኮንድ 80 ሜጋ ያህል ቢነበብ 25 ደቂቃ ነው። መጥፎዎቹ ሴክተሮች ላይ እየቆመ ስለሚሞክር ከዚያ ይበልጣል፤ ቁጥሩ ቆመ ብለሽ አትንቀይው። ዩኤስቢ 2 ላይ ከሰካሽው በሴኮንድ ከ35 ሜጋ ብዙም አያልፍም። መብራት ቢሄድ አትደንግጪ፤ ክሎን ከምንጩ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም፣ ከመጀመሪያው ትደግሚዋለሽ። ባትሪው ከደከመ ግን መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት ምረጪ፤ ላፕቶፑም እንዳይተኛ ስሊፕን ኔቨር ላይ አድርጊ።

ቀይ ኬብል፦

ከላይ ባለው ላይ የምጨምረው ስለ መግጠሙና ስለ መጀመሪያው ማስነሳት ነው፤ ሰዎች «ክሎኑ አልሠራም» የሚሉት እዚህ ላይ ነው።

ክሎኑ እንዳለቀ ኤስኤስዲውን በዩኤስቢ እንደተሰካ ለማስነሳት አይሞክሩ። ዊንዶውስ በተለመደው አጫጫን ከዩኤስቢ አይነሳም፤ ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ይወጣና ክሎኑ የተበላሸ ይመስልዎታል። ላፕቶፑን ያጥፉ፣ ባትሪውን ያውጡ (ውስጥ የታሰረ ከሆነ ከቦርዱ ላይ ይንቀሉት)፣ ከዚያ ዲስኩን ይለውጡ። የኤችፒ ዲስክ በብረት ማቀፊያ ነው የሚቀመጠው፤ በጎን ያሉትን አራት ብሎኖች ፈትተው ማቀፊያውን ወደ ኤስኤስዲው ያዛውሩ። ኤስኤስዲ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው። የድሮው 9.5 ከነበረና ማቀፊያ ከሌለው አዲሱ ይንቀጠቀጣል፣ ከሳታው ሶኬትም ይላቀቃል፤ ከኤስኤስዲው ጋር የሚመጣው የፕላስቲክ ፍሬም ለዚህ ነው፣ ካልመጣ ወፍራም ካርቶን ቆርጦ ከላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

መጀመሪያ ሲያስነሱ አሮጌው ዲስክ በየትኛውም ቀዳዳ መሰካት የለበትም። ሁለቱ አንድ ዓይነት መታወቂያ ይዘው ከተገናኙ ዊንዶውስ ሲን ለአሮጌው ሰጥቶ አዲሱን ሌላ ፊደል ሊያስይዘው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግራ መጋባት ለመፍታት ያደክማል።

ካልተነሳስ? የሚወጣውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ እያንዳንዱ የተለየ ነገር ይናገራል።

«ቡት ዲቫይስ ኖት ፋውንድ» ከቁጥር 3ኤፍ0 ጋር ከሆነ ባዮሱ ዲስኩን አላየውም ወይም ከእሱ ለመነሳት አልተፈቀደለትም። ባትሪ ሲነቀል ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ተመልሶ ሌጋሲ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ኤፍ10 ተጭነው ገብተው ሌጋሲ ሰፖርትን ያብሩ። ያም ካልረዳ ዲስኩን ከሳታው ሶኬት ነቅለው መልሰው ይግፉት። እዚያው ሳሉ የሳታ ሞዱን (ዲስኩ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበትን ስልት) አይቀይሩ፤ ከኤኤችሲአይ ወደ ሌላ ወይም ከሌላ ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር ያንኑ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። የግድ መቀየር ካለበት መጀመሪያ ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ በኤምኤስኮንፊግ ያዛሉ፣ ባዮሱን ይቀይራሉ፣ በሴፍ ሞድ አንዴ ሲነሳ ድራይቨሩን ራሱ ያስተካክላል፣ ከዚያ ሴፍ ሞዱን ያነሳሉ።

ጥቁር ስክሪን ላይ 0ኤክስሲ000000ኢ ከሆነ ዲስኩ ታይቷል፣ የማስነሻው መዝገብ ግን የሚፈልገውን መታወቂያ አላገኘም። በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ያስነሱ፣ የቋንቋው ገጽ ላይ ሺፍትና ኤፍ10 ይጫኑ። «ዲስክፓርት» ከዚያ «ሊስት ቮልዩም» ብለው ፊደሎቹን ያረጋግጡ፤ እዚህ አካባቢ ፊደሎቹ ይዘዋወራሉ፣ ሲስተም ሪዘርቭዱ ሲ፣ ዊንዶውሱ ዲ ሆኖ ሊታይ ይችላል። 500 ሜጋው ሲ፣ ዊንዶውሱ ዲ ነው እንበል፤ ትእዛዙ «ቢሲዲቡት ዲ፦\ዊንዶውስ /ኤስ ሲ፦ /ኤፍ ባዮስ» ይሆናል። ትንሿ ፓርቲሽን አክቲቭ ካልሆነች ደግሞ በዲስክፓርት መርጠው «አክቲቭ» ይበሉ።

አንድ ምክር ብቻ፦ ሌጋሲውን ወደ ዩኢኤፍአይ ልለውጥ ብለው ኤምቢአርቱጂፒቲ የሚባለውን የዊንዶውስ መለወጫ በዚሁ ቀን እንዳይነኩ። 480 ጊጋ ከ2 ቴራ ወሰን በታች ስለሆነ ሌጋሲው ምንም አይጎዳዎትም።

ሂሳብ ክፍል፦

ተነሳ! ዊንዶውሱም ፓወር ግዕዙም አለ። ክሎኑ ላይ 3 ሴክተር ዘለልኩ አለ። ፒችትሪ ግን ድርጅቱን አላገኘሁትም ይላል፤ ዲ ስለሌለ መሰለኝ። ዲስክ ማኔጅመንት ላይ 246 ጊጋ አንአሎኬትድ ይታየኛል። አሮጌውን በዩኤስቢ ስሰካው ግን ኦፍላይን ይላል፣ አይከፈትም።

ባዶ ሴክተር፦

ግምትሽ ልክ ነው፤ ፒችትሪ የድርጅቱን አድራሻ ከነፊደሉ ነው የሚይዘው።

246ቱ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ኒው ሲምፕል ቮልዩም፣ ኤንቲኤፍኤስ፣ አሎኬሽን ዩኒቱን ዲፎልት ላይ ተዪው፣ ፊደሉን ዲ አድርጊ። ዲ ከዝርዝሩ ከጠፋ የሲዲ ማጫወቻው ወስዶታል ማለት ነው፤ መጀመሪያ የሲዲውን ፊደል ወደ ዜድ ቀይሪ።

ኦፍላይን የሚለው መታወቂያቸው አንድ ስለሆነ ነው፤ ዊንዶውስ ሁለት መንትያ አብሮ አያስተናግድም። ቀኝ ክሊክ አድርገሽ ኦንላይን ስትይው ለአሮጌው አዲስ መታወቂያ ይጽፍለታል። ፋይሎቹ ይከፈታሉ፣ ነገር ግን አሮጌው ዲስክ መልሰሽ ብትገጥሚው በራሱ አይነሳም። ያስጻፍኩሽ ስምንት ፊደል ለዚህ ነው፤ መመለስ ካስፈለገ አዲሱን ኤስኤስዲ ነቅለሽ፣ በመጫኛ ፍላሽ ዲስክፓርት ውስጥ «ዩኒክአይዲ ዲስክ አይዲ=» ብለሽ የድሮውን ትጽፊለታለሽ።

ኮፒውን በተለመደው ጎትቶ መጣል አታድርጊ። «ሮቦኮፒ ኢ፦\ ዲ፦\ /ኢ /አር፡1 /ደብሊው፡1 /ሎግ፡ሲ፦\ኮፒ.ቲኤክስቲ» በይ፣ ኢ ያልኩት አሮጌው የያዘው ፊደል ነው። አር እና ደብሊው አይቀሩ፤ ሮቦኮፒ ሳይነገረው አንድ ያልተነበበ ፋይልን 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፣ በየመካከሉም 30 ሴኮንድ ይጠብቃል። ሲጨርስ ከታች «ፌይልድ» የሚለው ዓምድ ስር ስንት እንዳለ እዪ፤ ዜሮ ካልሆነ የትኞቹ ፋይሎች እንደሆኑ ሎጉ ውስጥ በስማቸው አሉ። ከነሱ መካከል የፒችትሪው ካለ ፍላሽ ላይ ያስቀመጥሽውን ፒቲቢ ሪስቶር ታደርጊያለሽ።

የተዘለሉት 3 ሴክተሮች ሲ ላይ ስለሆኑ አንድ የሲስተም ፋይል ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል። አሁን በጤነኛ ዲስክ ላይ ስላለሽ መጠገኑ ይቻላል፦ «ቼክዲስክ ሲ፦ /ኤፍ» ብለሽ ሪስታርት፣ ከዚያ «ኤስኤፍሲ /ስካንናው»። ኤስኤፍሲ ያልቻልኩት አለ ካለ «ዲዝም /ኦንላይን /ክሊንአፕ-ኢሜጅ /ሪስቶርሄልዝ» ኢንተርኔት ተገናኝቶ፣ ከዚያ ኤስኤፍሲን ድገሚ። እነዚህ ግን የዊንዶውስን ፋይሎች እንጂ የፒችትሪን አይፈትሹም፤ ፒችትሪን ከፍተሽ ያለፈውን ወር ትራያል ባላንስ አውጪና ከወረቀቱ ጋር አመሳክሪ።

ዘመናይ፦

መንገዴ ላይ ሆኖ ገባሁበት፣ ይቅርታ። የኔ ዊንዶውስ 11 ነው፤ 256 ጊጋ ኤንቪኤምኢ (ቦርዱ ላይ የሚሰካ ቀጭን ኤስኤስዲ) ወደ 1 ቴራ ኤንቪኤምኢ። ላፕቶፑ ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። ክሎንዚላ ሲን ሊያነበው አልቻለም፣ አንድ ላንድ ሙሉውን ልገልብጥ ይላል።

ሶኬት፦

ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ኢንክሪፕሽን) ነው፣ ወንድሜ። ዊንዶውስ 11 ያለባቸው ብዙ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባባቸው ራሱ ያበራዋል። «ማኔጅ-ቢዲኢ -ስታተስ» ብለህ እየው። ከሁሉ በፊት ባለ 48 አሃዙን የሪከቨሪ ቁልፍ ከአካውንትህ ገጽ አውጥተህ በወረቀት ያዝ፤ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥም ሆነ ስልክህ ላይ ይሁን፣ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ግን አይሁን። ከዚያ ወይ ኢንክሪፕሽኑን ሙሉ በሙሉ ታጠፋዋለህ፣ ወይ ዊንዶውሱ እየሠራ ከውስጥ በሚያቀልን ፕሮግራም ታደርገዋለህ፤ ከውስጥ ሲነበብ ተፈትቶ ስለሚነበብ። በኋላ አዲሱ ላይ ቢትሎከሩን መልሰህ አብራ።

ለአንድ ቀዳዳ መፍትሔው የኤንቪኤምኢ ዩኤስቢ ማቀፊያ ነው። ስትገዛ ለኤንቪኤምኢ መሆኑን ጠይቅ፤ ለኤም.2 ሳታ ብቻ የተሠሩ አሉ፣ ኤንቪኤምኢን አያነቡም። አዲሱ ኤስኤስዲ ርዝመቱም 2280 ወይም 2242 መሆኑን ከላፕቶፑ ብሎን ቦታ ጋር አስተያየው።

አንድ ነገር ይጠብቅህ፦ አንድ ላንድ ከገለበጥክ ተጨማሪው 700 ጊጋ ከሪከቨሪ ፓርቲሽኑ በስተጀርባ ስለሚቀር ሲ ላይ ኤክስቴንድ የሚለው ደብዝዞ ይቀራል። የሚያቀልነው ፕሮግራም ሪከቨሪውን ወደ ጫፍ እንዲገፋ ከመጀመሪያው ማዘዝ ይቀላል። ካመለጠህ በ«ሪኤጀንትሲ /ዲሴብል» ሪከቨሪውን ወደ ሲ መልሰህ፣ በዲስክፓርት «ዲሊት ፓርቲሽን ኦቨርራይድ» አጥፍተህ፣ ሲን አስፍተህ መጨረሻ ላይ 1 ጊጋ ታስቀርና እዚያ ትሠራዋለህ።

ሂሳብ ክፍል፦

ሮቦኮፒ ፌይልድ 2 አለ፤ ሁለቱም የድሮ ፎቶዎች ናቸው። ፒችትሪው ተከፍቷል፣ ትራያል ባላንሱም ገጠመ። ኤስኤስዲው ላይ ዲፍራግ ማድረግ አለብኝ? አሮጌውንስ የሲዲ ማጫወቻው ቦታ ላይ ገጥሜ ለባክአፕ ልጠቀምበት?

ቀይ ኬብል፦

ዲፍራግ አያስፈልግም፤ የጊዜ ሰሌዳውን ግን አያጥፉት። ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ ውስጥ ሚዲያ ታይፕ «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» የሚል ከሆነ ዊንዶውስ በሰሌዳው ትሪም (የተሰረዙ ፋይሎች ቦታ ነፃ መሆኑን ለኤስኤስዲው የሚነግር ትእዛዝ) ይልካል። ትሪም መብራቱን በ«ኤፍኤስዩቲል ቢሄቪየር ኩዌሪ ዲሴብልዲሊትኖቲፋይ» ያዩታል፤ መልሱ 0 ከሆነ በርቷል። ሃርድ ዲስክ ድራይቭ ብሎ ካስቀመጠው ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ዊንሳት ዲስክ» ያስኪዱ፤ ይለየዋል።

በዚያው ክሪስታልን በአዲሱ ላይ ይክፈቱትና «ፓወር ኦን አወርስ» የሚለውን ይመልከቱ። ከጥቂት ሰዓታት በላይ ካለው አገልግሎ የተመለሰ ነው፤ ደረሰኙ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሱቁ ይውሰዱት።

ሲዲ ቦታ ላይ መግጠሚያው ካዲ ይባላል፤ 9.5 እና 12.7 ሚሊሜትር ስላለ የሲዲ ማጫወቻዎን ለክተው ነው የሚገዛው። ግን ለዚህ ዲስክ አይግዙለት። ሲ5 24 ያለበት ዲስክ ባክአፕ አይደለም፤ ሮቦኮፒ ያልቻላቸው ሁለት ፎቶዎች ያሉበት ዲስክ ነው። መሳቢያ ውስጥ ሳይነካ ለሁለት ወር ይቆይ፤ ወር ሲዘጋ የሚጎድል ፋይል ካለ የሚፈለገው ከእሱ ነው። ከዚያ የድርጅት ሂሳብ ያለበት ስለሆነ ከመጣሉ በፊት በዲስክፓርት «ክሊን ኦል» ይደምስሱት፤ ሴክተሩን ሁሉ በዜሮ ስለሚሞላ 1 ቴራ ላይ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ «ሊስት ዲስክ» ብለው 931ዱን መምረጥዎን ያረጋግጡ።